ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ጀበናዋ የተሰበረችው ሃቫና ጎዳና ላይ ነው። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የኖረ አበሻ መንገዱን ያውቀዋል። እንጀራውም ሥጋውም እዚያው አካባቢ ነው የሚገዛው። ሞተርሆማችንን ከጎማ ቤት አውጥቼ ወደ ቤት እየነዳሁ ነበር። አንዲት የአስፋልት ስንጥቅ ስሻገር መኪናው እንደ ደነበረ በቅሎ ዘለለ። ከኋላዬ የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ የሸክላ ድምፅ መጣ። እናቴ ከኮምቦልቻ በሰው እጅ የላከችልኝ ጀበና ነበረች። ውቅያኖስ ተሻግራ ሳትጫር የመጣች ጀበና አንድ ስንጥቅ መሻገር አቃታት።

ሞተርሆም ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቤት ተሠርቶበታል ማለት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም ከላይ አለ። የኛው ፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ፣ ያገለገለ፣ 28 ጫማ የሚረዝም ነው። ፊት ሁለት ጎማ አለው። ኋላ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት። በድምሩ ስድስት ማለት ነው። ስንገዛው የጎማዎቹ ጥርስ ገና አዲስ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ጎማው አንደኛ ነው» ብሎ ደመደመ። ሊሾ ያልሆነ ጎማ ሁሉ ለሱ አንደኛ ነው።

ጎማ ግን እንደ መድኃኒት የጊዜ ማህተም አለው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ቀን ሳላይ ዕቃ አልነካም። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረጅም ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። የኛው 1913 ይላል። በፈረንጆች 2013 ዓመት፣ 19ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ዕድሜው ከ10 ዓመት አልፏል። ሚሽሊን አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራል። ሞተርሆም ደግሞ ከሚነዳው የሚቆመው ይበልጣል። ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ስለዚህ ስድስቱንም ለማስቀየር ጎማ ቤት ወሰድኩት።

ጎማ ቤቱ ውስጥ የነበረው ልጅ ሥራውን በፍጥነት ጨረሰ። «ሁሉንም ሰማኒያ አድርጌልሻለሁ» አለኝ። ሰማኒያ ፒኤስአይ ማለቱ ነው፤ የጎማ ነፋስ የሚለካበት ነው። ለምን ሰማኒያ ስለው ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ይኸው ተጽፏል አለ። እውነትም ተጽፏል። ከፍዬ ወጣሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጀበናዋ የለችም።

በዚያ ሳምንት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። መኪናውን የሸጠልን ሰውዬ በስልክ «እኔ ስድሳ አምስት ነበር የምሞላው፣ ዙሪያውን» አለ። የሥራ ባልደረባዬ ባሏ አርቪ፣ ማለትም እንደኛው ያለ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ነበረው፤ ፊት ሃምሳ አምስት፣ ኋላ ሰባ አለችኝ። ጎረቤታችን የረጅም ርቀት ትራክ ሹፌር ነው። ቀና እንኳ ሳይል «መቶ አሥር» አለኝ። ለራሱ ትራክ ልክ ነው። የኔን ጎማ ግን ሊያፈነዳው ነው። ሁሉም ቁጥር ሰጡኝ። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። አንዱም መልሶ የጠየቀኝ ነገር የለም።

በመጨረሻ አባቴን ጠየቅኩ። ለወጉ ነው እንጂ ይመልሱልኛል ብዬ አልነበረም። አባባ ሞተርሆም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ግን ወጣትነታቸው ያለፈው በጎማ መሐል ነው። መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሆነው በአሰብ መንገድ ላይ ኤንትሬ ነድተዋል። ፊያት 682 ኤን ትሬን አገሬው በቁልምጫ ኤንትሬ ነው የሚለው። ከነተሳቢው ጭነው ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ወርደው፣ አፋርን አቋርጠው ባሕር ይደርሳሉ። ያ መንገድ በፈረንጆች 1998፣ በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ በእነሱ ላይ ተዘጋ። አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልነዱም።

«አባባ፣ ስንት ነፋስ ልሙላ?» አልኳቸው በስልክ።

«ጭነቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

ጭነት የለውም፣ ቤት ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ቤት ከሆነማ ጭነት ነው» አሉ። «መዝነሽው ታውቂያለሽ?» አልመዘንኩትም። «እንግዲያ ምኑን ነው የምትጠይቂኝ?» ብለው ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ።

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ጎማው ጋ ሄድኩ። በባትሪ እያበራሁ ጽሑፉን ሙሉውን አነበብኩ። ልጁ ያሳየኝ የአረፍተ ነገሩን ጭራ ብቻ ነበር። ሙሉው የሚለው እንዲህ ነው፦ ነጠላ ሆኖ ሲገጠም ከፍተኛ ጭነቱ 2,680 ፓውንድ፣ በ80 ፒኤስአይ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ። በጥንድ ሲገጠም ደግሞ 2,470 ፓውንድ፣ በዚያው በ80። ማለትም ሰማኒያ የሚያስፈልገው ጎማው መሸከም የሚችለውን የመጨረሻ ጭነት ሲሸከም ነው። ትእዛዝ አይደለም፤ ጣሪያ ነው። ለልጅ ሽሮፕ ስንሰጥ ብልቃጡ ላይ ያለውን ከፍተኛ መጠን ለሁሉም ልጅ አንቀዳም። መጀመሪያ ልጁ ይመዘናል። ይህን ፋርማሲ ውስጥ በየቀኑ ለሰው እየነገርኩ፣ ጎማ ቤት ስገባ ረሳሁት።

በጥንድ ሲሆን የሚሸከመው ለምን እንደሚያንስም ገረመኝ። ሁለት ሆነው ሲረዳዱ የሚበረቱ ነበር የሚመስለኝ። ነገሩ ግን ሁለቱ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። መንገድ መሐሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ አንዱ ትንሽ ነፋስ ቢያንሰው ሌላው ይሸከምለታል። ሙቀትም በመካከላቸው ይታፈናል። ስለዚህ ሠንጠረዡን የሚያወጡት ሰዎች ለጥንዱ አስቀድመው ቀነስ አድርገውለታል።

ሠንጠረዥ ያልኩት ነገር ነው ቁልፉ። ጎማ ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ የጭነትና የነፋስ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ይህን ያህል ክብደት ካለህ ይህን ያህል ነፋስ ይላል። የኔ ልክ ኤልቲ225/75አር16 ነው። በነጠላ፣ በ55 ፒኤስአይ 2,060 ፓውንድ ይችላል። በ60፣ 2,190። በ65፣ 2,335። እንዲህ እያለ እስከ ሰማኒያ ይወጣል። ሠንጠረዡን ማግኘት ቀላል ነው። የቸገረው ወደ ሠንጠረዡ ይዞ የሚገባው ቁጥር ነው። ክብደቱን የሚያውቅ ሰው የለም።

አባባ በመስከረም መጨረሻ ሊጠይቁን መጡ። የመጣሁት የልጅ ልጆቼን ላይ ነው ይላሉ። በሁለተኛው ቀን ግን በብረት ዘንግ የሞተርሆሙን ጎማ ሲደበድቡ አገኘኋቸው። በድሮ ልማዳቸው ነው። ጎማውን መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ። ነፋስ ያለው ጎማ ያነጥራል፤ የተነፈሰው ድምፁ ይታፈናል። እዚህም የትራክ ሹፌሮች ለዚሁ ሥራ የእንጨት ዱላ ይዘው ይዞራሉ። በተለይ ከጥንዱ የውስጠኛው ጎማ ቢተነፍስ ውጪኛው ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው በዓይን አይታይም፤ ዱላው ግን ያጋልጠዋል። የማያጋልጠው ነገር አለ። በስልሳና በሰማኒያ መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ አይለይም። ይህን ስነግራቸው አባባ ቅር አላቸው። «ያንቺ ጆሮ አይለይም» አሉኝ።

ወደ ዩታ፣ ሞዓብ ልንሄድ ነበር። ዕቃ ጫንን። መጫን ስል፣ እንደ ሐበሻ መጫን ነው። ሃያ አምስት ፓውንድ ጤፍ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አዲስ ጀበና በፎጣ ተጠቅልላ፣ የልጆቹ ሁለት ብስክሌት፣ ባለቤቴ አንድ ቀን ይጠቅማል ብሎ የማይለየው የመፍቻ ሳጥን። አንድ ጋሎን ውኃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። የኛ ታንከር 40 ጋሎን ይይዛል። ሲሞላ ከ330 ፓውንድ በላይ ነው። የነዳጁ ታንክ 55 ጋሎን ነው፤ እሱም ሲሞላ ያንኑ ያህል ይሆናል። በቀኝ በኩል ባለው መግቢያ በር ውስጥ የተለጠፈ ቢጫ ማስታወቂያ አለ። የሰውና የዕቃው ክብደት ከዚህ እንዳያልፍ ይላል። ሞተርሆም ከ2008 ወዲህ ይህ ወረቀት ግዴታው ነው። የታንከሩ ውኃም እንደ ዕቃ ይቆጠራል። እኔ ለሁለት ዓመት አላነበብኩትም ነበር።

ሞልተን ወደ ትራክ ማረፊያ ሄድን። ካት ስኬል የሚባለው ቢጫና ጥቁር ምልክት ያለው ሚዛን እዚያ አለ። ኩባንያው በ1977 አይዋ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በየአውራ ጎዳናው አለ። ክፍያው ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። አባባ ሚዛኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። ለሳቸው ሚዛን ማለት ፖሊስና ቅጣት ነው። ወዶ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሹፌር አይተው አያውቁም። ከዚያ ደግሞ ልውረድ አሉ። ይቀመጡ አልኳቸው። እርስዎም ጭነት ነዎት አልኳቸው። ልጆቹ እስኪወድቁ ሳቁ።

ወረቀቱ ወጣ። የፊት አክሰል፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ፣ 3,980 ፓውንድ። የኋላው 8,140። በድምሩ 12,120። መኪናው የሚፈቀድለት 14,500 ስለሆነ እፎይ አልኩ።

ፊቱን ለሁለት ስካፈል 1,990 ይመጣል። ሠንጠረዡ በ55 ይበቃዋል ይላል። ኋላውን ለአራት ስካፈል 2,035 ነው። ቀላል ነው ብዬ ልጨርስ ስል አባባ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። «የቱ ጎን ነው የከበደው?» አሉ። አላውቅም። ወረቀቱም አያውቅም። የትራክ ሚዛን አክሰሉን እንጂ ቀኝና ግራውን አይለይም። አባባ ወደ ውስጥ ገብተው ዞሩ። ፍሪጁ በግራ ነው። ምድጃው በግራ ነው። መኪናው ሲቆም ወደ ውጪ የሚሳበው ግድግዳ ከነሶፋው በግራ ነው። ጤፉንም እኔ በግራ በኩል ነው የከተትኩት። «አሰብ የሚጫን ሰው እንዲህ ቢጭን ባቲ ሳይደርስ ይተኛል» አሉ። መኪና ይገለበጣል ማለታቸው ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአርቪ ባለቤቶች በሚሰበሰቡበት አንድ ሜዳ ላይ ተንቀሳቃሽ ሚዛን ይዞ የሚዞር ሰው አገኘን። በየጎማው ሥር ዝርግ ሚዛን አስገብቶ እያንዳንዱን ጥግ ለብቻው መዘነልን። የፊት ግራ 2,080፣ የፊት ቀኝ 1,900። የኋላ ግራ 4,420፣ የኋላ ቀኝ 3,720። የኋላው ልዩነት 700 ፓውንድ ነው። አባባ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ከመናገር ይብስ ነበር።

ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፤ በአንድ አክሰል ላይ ያሉ ጎማዎች ሁሉ እኩል ይሞላሉ፣ የሚሞሉትም ለከባዱ ጎን ነው። ኋላ ግራውን ለሁለት ስካፈል እያንዳንዱ ጎማ 2,210 ይሸከማል። በጥንድ፣ በ70 ፒኤስአይ ሠንጠረዡ 2,220 ይላል። አሥር ፓውንድ ብቻ ተርፏል። አንድ ጀሪካን ብጨምር አለፈ። በ75፣ 2,330 ነው። ከሱ ላይ ትንሽ ማረፊያ ስጨምርበት ሰማኒያ ገባሁ። ጎማ ቤት ያለው ልጅ ኋላውን ሳያውቀው ልክ ነበር ማለት ነው። ፊቱን ግን የለም። ፊት ግራው 2,080 ስለሆነ 60 ይበቃዋል፤ አምስት ማረፊያ ጨምሬ 65 ላይ ቆምኩ። አሥራ አምስት ፒኤስአይ ትርፍ ነበር። ፊቱ እንደ ድንጋይ የሆነው፣ መሪው የሚንቀጠቀጠው፣ ጀበናዋም ያለ ጊዜዋ የሄደችው በዚያ ነው። ነፋስ ሲበዛ ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ቦታም ያንሳል፤ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ መሐሉ ብቻ ይበላል።

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ። ሹፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። የመኪናው ሠሪ ለፊትና ለኋላ የሚመክረውን ነፋስ ይናገራል። ከሱ በታች አትውረዱ የሚሉ ጠንቃቃ ሰዎች አሉ። አልወቅሳቸውም። ያ ቁጥር አክሰሉ የሚችለውን ሙሉ ጭነት ታሳቢ ያደረገ ነው። ያልመዘነ ሰው እሱን ይያዝ። በግምት መቀነስ ግን እብደት ነው። ያነሰ ነፋስ ከበዛው ይልቅ ይገድላል።

ይህን አሜሪካ በከባድ ዋጋ ነው የተማረችው። በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ መልሱልኝ ብሎ ጠራ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ጎማው በፍጥነት ላይ ሳለ የላይኛው ቆዳው ከነጥርሱ ይላጥ ነበር፤ መኪናውም ይገለበጣል። በአሜሪካ ብቻ ከ270 ሰው በላይ ሞቷል። የአሠራር ጉድለት ነበረው፤ ከሱ ጋር ግን የነፋስ ክርክርም ነበር። ፎርድ ለኤክስፕሎረር 26 ፒኤስአይ ይበቃል ብሎ ነበር። ፋየርስቶን 30 ይሻላል ይል ነበር። በአራት ፒኤስአይ ሁለቱ ተወነጃጀሉ። ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ወዳጅነታቸውም በ2001 ፈረሰ። በዚያው በ2000 በወጣው ሕግ መነሻነት ነው ዛሬ ነፋስ ሲጎድል ዳሽቦርዳችን ላይ የሚበራው ያ ቢጫ መብራት የመጣው። መብራቱ የሚበራው ግን ነፋሱ ከሚመከረው አንድ አራተኛውን ካጣ በኋላ ነው። ሕጉ የሚያስገድደውም እስከ 10,000 ፓውንድ ላሉ መኪናዎች ነው። የኛ ሞተርሆም 14,500 ነው። ስድስት ጎማ፣ አንድ መብራት የለም። ትንንሽ ክዳን የሚመስሉ መለኪያዎች ገዝተን ቫልቮቹ ላይ አሰርን። ጋቢና ውስጥ ያለች ትንሽ ስክሪን ላይ የእያንዳንዱን ጎማ ነፋስና ሙቀት ታሳያለች። አባባ ስክሪኗን ወደዷት። መንገዱን ትተው እሷን ነው የሚያዩት።

ሞዓብ የሚወስደው አይ-70 ነው። ከዴንቨር ተነስቶ ተራራ ይወጣል። አይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ስንወጣ ቁጥሮቹ መጨመር ጀመሩ። ጎማው መሞቁ አንድ ነገር ነው። ሌላው ከፍታው ነው። ጌጅ፣ የነፋስ መለኪያው፣ የሚለካው በውስጥና በውጪ ያለውን የነፋስ ልዩነት ነው። የውጪው አየር ሲሳሳ ማንም ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዴንቨር ዋሻው ድረስ ወደ ሁለት ተኩል ፒኤስአይ ይሆናል። አባባ በተራቸው ከአዲስ አበባ አሰብ ሲወርዱ ከሦስት በላይ እያጡ ነበር ማለት ነው። ነገርኳቸው። «እኛ ስንወርድ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይመልስልን ነበር» አሉ። ትክክል ነው።

ከግራንድ ጀንክሽን አልፈን ዩታ ስንገባ ፀሐዩ በረታ። ወደ ምዕራብ ስለምንነዳ ፀሐዩ በግራ ነው፤ ክብደቱም በግራ። የኋላ ግራ ውስጠኛው 93 አለ። ጠዋት 80 ነበር። ሆዴ ተላወሰ። ከሰማኒያ አትለፍ የሚል ጎማ ላይ 93። ዳር አወጣሁና ቆምኩ። ጌጁን ይዤ ወረድኩ። ትንሽ ላስተነፍስ ነው።

አባባ ከኋላዬ መጡ። «አትንኪው» አሉ። ድምፃቸው ጠንከር ያለ ነበር።

እዚያው አስፋልት ዳር ላይ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ልጅ ረዳት ሳሉ ነው። ሚሌ ላይ፣ በቀትር፣ ሹፌሩ ጎማው በሙቀት አብጧል፣ አስተንፍሰው አላቸው። በየጎማው እየዞሩ አስተነፈሱ። ሌሊት ቀዘቀዘ። ጠዋት ጎማዎቹ ከልካቸው በታች ነበሩ፤ ጭነቱ ግን ያው ነው። ማንም አላየም። ዲቼኦቶ ሳይደርሱ አንዱ ፈነዳ። ቀጥሎ ጥንዱ ጭነቱን ብቻውን ሲሸከም እሱም ሄደ። ሁለት ቀን ጥላ በሌለበት ተቀመጡ። «ነፋስ ያነሰው ጎማ እየታጠፈ ይሄዳል» አሉኝ። «እየታጠፈ ሲሄድ ይሞቃል። ሲሞቅ ነፋሱ ይጨምራል። አንቺ ነፋሱን አይተሽ ስትቀንሺ ይብስ ይታጠፋል።»

ያለ አንድ ፊደል ፊዚክስ የነገሩኝ ፊዚክስ ነው። ጎማው ላይ «ቀዝቃዛ ሳለ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይህ ነው። መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ፀሐይ ሳያገኘው የሚለካ ቁጥር ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የሙቀቱን ጭማሪ አስቀድመው ታሳቢ አድርገዋል። ሰማኒያ የሚለው ጎማ እየተነዳ 93 መድረሱ ጤና ነው። በሽታ የሚሆነው አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ነው። የኛዎቹ ሁሉም አብረው ነበር የወጡት። ጌጁን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ባለቤቴ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን ሆኗል?» አለ። ምንም አልኩት።

ሞዓብ አጠገብ ያደርንበት ሜዳ ሌሊቱን በጣም በረደ። ኦሮራ ጎማውን የሞላሁት 60 ፋራናይት በሆነ ጠዋት ነበር። እዚህ ሲነጋ 30 ነው። የሙቀቱ መጠን በአሥር ዲግሪ ሲወርድ ሰማኒያ የነበረ ጎማ ሁለት ፒኤስአይ ሊጠጋ ያጣል። የኋላዎቹ 74 ላይ ነበሩ። ከባዱ ጎን ደግሞ ከ75 በታች አይወድም። ትንሿን ኮምፕሬሰር አወጣሁ። ድምጿ የሜዳውን ሰው ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ግን ምን ይደረግ። አባባ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አዲሲቱ ጀበና ምድጃው ላይ ናት። የመጀመሪያውን ሲኒ ይዘዋል።

ከስድስቱ አራተኛው ላይ እያለሁ ከጎናችን ካለው ግዙፍ አርቪ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ ወጡ። ስለ ጫጫታው ሊወቅሱኝ መስሎኝ ይቅርታ አልኩ። እሳቸው ግን ኮምፕሬሰሯን እያዩ «እናንተ ስንት ነው የምትሞሉት?» አሉኝ። ሰሞኑን ያገኙትን ሁሉ ጠይቀው ሁሉም የተለያየ ነገር እንደነገራቸው አጫወቱኝ።

አፌን ከፈትኩ። ፊት ስልሳ አምስት፣ ኋላ ሰማኒያ ልል ነበር።

«ምን አለ?» አሉ አባባ።

«ስንት እንደምሞላ ነው የጠየቁኝ።»

አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የሰውዬውን መኪና ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ከኋላ የታሰረችውን ትንሽ መኪና አዩ። ጣሪያው ላይ የተጫነውን ጀልባ አዩ።

«ጭነቱ ስንት ነው በዪው» አሉኝ።

ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። ዞር ብለው ጀልባውን ማየት ጀመሩ።